እግር የጎደለው እንሽላሊት እንዴት ይመገባል? እንዴትስ ይያዛል?

ስሙ አሥር አለቃ ነው። ስሙን ያወጡለት የታችኛው ቤት እማማ ናቸው። ወንድ እንሽላሊት ግንብ ላይ ወጥቶ ደረቱን ከፍ ዝቅ ሲያደርግ አይታችሁ ይሆናል፤ ፑሽአፕ የሚሠራ ነው የሚመስለው። የእኛው ይህን የሚሠራው በአንድ እጁ ነው። እማማ ቡና እየጠጡ አይተውት "ይሄማ ወታደር ቤት የነበረ ነው" አሉ። አሥር አለቃ ሆኖ ቀረ።

ቀኝ የፊት እግሩንና የቀኝ ዓይኑን ብርሃን ያሳጣው አንድ ድንጋይ ነው። አዳማ ውስጥ ያደገ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ጥቁር ድንጋይ ግንብ አለ፣ ፀሐይ የሚሞቅ እንሽላሊት አለ፣ ሥራ የፈቱ ልጆች አሉ። ማን እንደወረወረው ልጄን ጠየቅሁት። አልመለሰልኝም። ግን ያን ቀን ማታ ራቱን ሳይበላ ነው የተኛው። እንግዲህ ዕዳው የእኛ ቤት ነው ብዬ እንስሳውን ካርቶን ውስጥ አስገባሁት።

ከዚያ በኋላ የሠራሁት ሁሉ ስህተት ነበር። ወተት በሲኒ ሰጠሁት። እንጀራ ቆረስኩለት። ካርቶኑን ደግሞ ድመት እንዳያገኘው ብዬ ቀዝቃዛ ሊሾ ላይ፣ አልጋ ሥር ከተትኩት። ስድስት ቀን ምንም አልቀመሰም። ሊሞት ነው ስል አንድ የእንስሳት ሐኪም ወዳጄ በስልክ ሳቀብኝና "እሱ የራበው ፀሐይ ነው" አለኝ። ቀጥሎ የምጽፈው ከዚያ ስልክ በኋላ በሁለት ዓመት የተማርኩትን ነው።

መጀመሪያ፦ ይቆይ ወይስ ይሂድ?

ይህን ጥያቄ አትዝለሉት። እግር የጎደለው እንሽላሊት ሁሉ ቤት መግባት የለበትም። በሦስት እግራቸው ግንብ እየወጡ ነፍሳት እያደኑ የሚኖሩ አሉ። በዚያ ላይ የዱር እንስሳ ይዞ ማቆየት ፈቃድ የሚጠይቅ ነገር ነው። በአገራችን ይህን የሚመለከተው የኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለስልጣን ነው። ለማሳመር ብሎ ጤነኛ እንሽላሊት አጥምዶ ማምጣትማ ጭራሽ አይታሰብ።

ቁስሉ ከዳነ በኋላ በር ዘግታችሁ ፈትኑት። በጀርባው ሲወድቅ ራሱን ይገለብጣል? ሻካራ ድንጋይ ላይ ወጥቶ ይቆያል? የሚዘል ፌንጣ ይይዛል? ሦስቱንም ከቻለ ጠዋት ፀሐይ ሲሞቅ ያገኛችሁት ግንብ ላይ መልሱት። ሌላ ሰፈር አትውሰዱት፤ መሸሸጊያውን የሚያውቀው እዚያው ነው። አሥር አለቃ ግንቡ ላይ ሦስት ጊዜ ወጥቶ ሦስት ጊዜ ወደቀ። ፌንጣዋም በታወረው ዓይኑ በኩል አልፋ ሄደች። ስለዚህ ቀረ።

ቁስሉ

ትኩስ ቁስል ከሆነ በንጹህ ሳላይን፣ ማለትም ለቁስል ማጠቢያ በሚሆን የጨው ውሃ፣ እጠቡት። ከዚያ ቤታዲኑን በውሃ አቅጥናችሁ፣ ቀጭን ሻይ ሲመስል በጥጥ አስነኩት። አልኮል አታድርጉ። ቡና መነስነስም ይቅር። ከሰው መድኃኒት ፓራሲታሞል ይሁን አይቡፕሮፌን ምንም አትስጡት። ድመት ነክሳው ከሆነ ግን ቁስሉ ትንሽ ቢመስልም በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ሂዱ፤ የድመት ጥርስ የሚተወው ጀርም ከውስጥ ነው የሚሠራው።

የተቀጠቀጠ እግርን በክብሪት እንጨት አስሮ ማቃናት አይሞከርም። የእኛው እግሩ ደርቆ ጠቁሮ ስለነበር ሐኪሙ ከትከሻው አጠገብ ቆረጠው። ለምን ከክርኑ እንዳልቆረጠው ስጠይቀው፣ ጉቶ ከተረፈ ሊራመድበት እየሞከረ መሬት ላይ እየፈተገ ሲያቆስለው ይኖራል አለኝ። እንሽላሊት ቀስ ብሎ ነው የሚድነው። ሳምንታት ይፈጃል፤ አትቸኩሉ።

አዳማ ውስጥ ያሉት አብዛኞቹ የእንስሳት ክሊኒኮች ለከብት፣ ለበግና ለዶሮ የተቋቋሙ ናቸው። ስለዚህ ከመሄዳችሁ በፊት ደውላችሁ "እንሽላሊት ታያላችሁ?" በሉ። ቢስቁም ግድ የለም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ያለው ቢሾፍቱ ስለሆነ ሩቅ አይደለም። ስትሄዱ ክብደቱን በግራም ጽፋችሁ ያዙ፤ የመድኃኒቱ መጠን የሚሰላው በዚያ ነው።

ቤቱ፦ ከምግብ በፊት ሙቀት

እንሽላሊት እንደ እኛ የሰውነቱን ሙቀት ራሱ አያመነጭም። የበላውን የሚፈጨው በፀሐይ ነው ብትሉ ብዙም አልተሳሳታችሁም። ሰውነቱ ካልሞቀ ሆዱ የገባችው ፌንጣ ሳትፈጭ እዚያው ትበሰብሳለች። ስለዚህ የመጀመሪያው የምግብ ዕቃ ወረንጦም ሳህንም አይደለም፤ አምፖል ነው።

ሳጥኑን በኮምፔርሳቶ አሠራሁት። 90 ሳንቲ ሜትር ርዝመት፣ 45 ስፋት፣ 40 ቁመት። ፊቱ መስታወት፣ ክዳኑ ደግሞ የወባ ትንኝ መከላከያ ሽቦ ነው። ጎኖቹን በሽቦ አታድርጉ። አንድ የፊት እግር ብቻ ያለው እንሽላሊት ጥፍሩ ሽቦ ውስጥ ከተያዘ የሚያስለቅቅበት ሌላ እጅ የለውም።

በአንድ ጫፍ ከሽቦው በላይ ክሩ የሚግለውን የድሮ አምፖል፣ 60 ዋቱን ስቀሉ። ኤልኢዲ ያበራል እንጂ አያሞቅም። አምፖሉ ሳጥኑ ውስጥ አይግባ፤ ቶሎ መሸሽ የማይችል እንስሳ ይቃጠላል። ከአምፖሉ ሥር ጠፍጣፋ ጥቁር ድንጋይ አድርጉ። ድንጋዩ ላይ ያለው ሙቀት ከ38 እስከ 40 ዲግሪ፣ በሌላው ጫፍ ያለው ደግሞ ከ25 እስከ 28 ይሁን። ሙቅም ቀዝቃዛም ጥግ ሊኖረው ይገባል፤ የሚመርጠው እሱ ነው። በእጅ ዳብሶ መገመት አይበቃም፤ ለሁለቱም ጫፍ ቴርሞሜትር ግዙ። ማታ አምፖሉ ይጥፋ። በኅዳርና በታህሳስ የአዳማ ሌሊት ስለሚቀዘቅዝ እኔ ሳጥኑ ላይ ብርድ ልብስ ጣል አደርጋለሁ።

መብራት ሲሄድስ? ሙቅ ውሃ በሃይላንድ ሞልታችሁ በፎጣ ጠቅልሉና ሳጥኑ ጥግ አስቀምጡ። ያን ቀን አታብሉት። መብራት ከሄደ ምግብም ይሄዳል፤ በእኛ ቤት ሕጉ ይሄ ነው።

ወለሉ ላይ አሸዋ አታድርጉ። የፊት እግር የሌለው እንሽላሊት አደን ላይ ሲወረወር በአገጩ ነው የሚያርፈው፤ በእያንዳንዱ ጉርሻ አሸዋ ይውጣል፣ ያም አንጀቱን ይዘጋል። እኔ ግማሹን ጋዜጣ፣ ግማሹን ከቤት ሥራ የተረፈ ሻካራ ሴራሚክ አነጠፍኩ። ለስላሳ ሴራሚክ ግን እንደ በረዶ ያንሸራትተዋል።

አሁን ደግሞ ብዙ ጊዜ የፈጀብኝን ነገር ልንገራችሁ። ድንጋዩ ላይ መውጫ ዘንበል ያለ ጣውላ ሠራሁለትና በስንጥር እርከን አወጣሁለት። ከፍታው 15 ሳንቲ ሜትር አይሞላም። ሆኖም በየጊዜው ወደ ቀኝ ይንከባለል ነበር። አንድ ቀን ወንበር ስቤ ቁጭ ብዬ አየሁት። ለካ ሲወጣ እግር በሌለው ትከሻው የሚደገፈው ነገር ይፈልጋል። ጣውላውን ግድግዳው በቀኙ እንዲሆን አድርጌ አስጠጋሁት፤ ትከሻውን ግድግዳው ላይ እየጎተተ ቀጥ ብሎ ወጣ። ሲወርድ ግን ግድግዳው በግራው ሆነና እንደገና ወደቀ። መፍትሔው ከድንጋዩ ማዶ፣ በዚያው ግድግዳ ላይ ሌላ መውረጃ መሥራት ነበር። አሁን ሳጥኑን እንደ አደባባይ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ይዞራል። ከከተማችን ባጃጆች ይልቅ ሕግ ያከብራል።

የእናንተው የጎደለው የኋላ እግር ወይም ግራ እግር ከሆነ ነገሩ ይለያል። ዘዴው ግን ያው ነው፦ ከመሥራታችሁ በፊት ወዴት እንደሚያዘነብል ቁጭ ብላችሁ እዩ።

ፀሐይ

አምፖሉ ፀሐይን አይተካም። አጥንቱ ካልሲየም እንዲይዝ ቫይታሚን ዲ ያስፈልገዋል፤ ያንን የሚሠራው ቆዳው ላይ በቀጥታ በሚያርፍ ፀሐይ ነው። በመስኮት መስታወት የሚገባ ፀሐይ ለዚህ አይጠቅምም፤ መስታወቱ የሚፈለገውን ጨረር ያስቀረዋል። እንዲያውም መስታወት ያለውን ሳጥን ፀሐይ ላይ ማውጣት እንሽላሊቱን መጋገር ነው። በደቂቃዎች ይሞታል።

እኔ ድሮ የወጥ ቤት ዕቃ የማደርቅበት የሽቦ ቅርጫት አለኝ፤ ቀዳዳው ጠባብ ነው። ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ 20 ወይም 30 ደቂቃ በረንዳ ላይ እደፋበታለሁ። ግማሹን በጨርቅ ሸፍኑለት፤ ሲበዛበት ጥላ ይግባ። አጠገቡ ሆናችሁ ጠብቁ። ድመትም ጭልፊትም ከእናንተ ይፈጥናሉ።

ምግቡ

ዋና ምግቡ ነፍሳት ነው፦ ፌንጣ፣ ምስጥ፣ የእሳት እራት፣ ጉንዳን ጭምር። ክረምት ላይ ከሣር ውስጥ ፌንጣ መልቀም ቀላል ነው። የሚያስቸግረው በጋው ነው። ያኔ ልጆቹ ማታ አምፖል ሥር የሚሰበሰበውን ይለቅማሉ፤ ትልልቆቹን ፌንጣዎች ደግሞ በባልዲ ውስጥ ከእንቁላል ካርቶንና ከፉርሽካ ጋር አቆያቸዋለሁ። ድንጋይ ይወረውር የነበረው ልጄ አሁን የሰፈሩ አንደኛ ፌንጣ አዳኝ ነው።

መድኃኒት ከተረጨበት እርሻና ከመንገድ ዳር አትልቀሙ። የቤት በረሮ ደግሞ አንድ ቦታ ፍሊት ቀምሶ ሊሆን ስለሚችል አይሰጥም። ማታ ጭራቸው የሚያበራ ነፍሳት ለእንሽላሊት መርዝ ናቸው። ጥሬ ሥጋ ብቻውን ካልሲየሙ በጣም ጥቂት ስለሆነ አጥንቱን ያልፈሰፍሳል። ወተትና እንጀራማ የእኔን ታሪክ ሰምታችኋል። በደቃቁ የተከተፈ ጎመን አንዳንዴ ይቀምሳል፤ ግን ጾመኛ ልታደርጉት አትሞክሩ።

አንድ የምገባ ቀን እንዲህ ይሄዳል።

ከቀኑ በፊት በነበረው ማታ ለፌንጣዎቹ ጎመንና ካሮት እሰጣለሁ። ፌንጣዋ የበላችውን ነው እሱ የሚበላው። ጠዋት አምፖሉን አበራለሁ፤ ቢያንስ አንድ ሰዓት ድንጋዩ ላይ ይሞቃል። ቆዳው ከጠቆረበት ፈካ ሲልና ጭንቅላቱን ሲያነሳ ዝግጁ ነው ማለት ነው።

ፌንጣ እመርጣለሁ። ውፍረቷ በሁለቱ ዓይኖቹ መካከል ካለው ስፋት መብለጥ የለበትም። ትልልቆቹን የኋላ እግሮቿን በወረንጦ አነሳለሁ። እግሮቹ እሾህ ስላላቸው ጉሮሮ ይቧጭራሉ፤ ያለ እነሱ ደግሞ መዝለል አትችልም። አንድ ዓይን ላለው አዳኝ ርቀት መለካት ከባድ ነው፤ የምትዘል ፌንጣ ለእሱ ሎተሪ ናት። ለአምስት ደቂቃ ፍሪጅ ውስጥ ማስቀመጥም ያዘገያታል።

ከዚያ ካልሲየሙ። የእንቁላል ቅርፊት አሥር ደቂቃ ቀቅሉ፣ ፀሐይ ላይ አድርቁ፣ በሙቀጫ እንደ ዱቄት እስኪልም ውቀጡ። ሻካራ ከሆነ በነጠላ ጨርቅ ንፉት። ቁንጥር ያህል ፌስታል ውስጥ አድርጉ፣ ፌንጣዎቹን ጨምሩ፣ ነቅነቅ ነቅነቅ። ነጭ ለብሰው ይወጣሉ። ለትልቅ እንሽላሊት በሳምንት ሁለት ሦስቴ እንዲህ ማድረግ ይበቃል።

አሁን ማቅረብ። በሚያይበት ዓይን በኩል ነው የሚቀርበው፤ ለእኛ በግራ። በታወረው በኩል ድንገት ወረንጦ ከመጣ እንደ ጠላት ይቆጥረዋል። ከላይም አትምጡ፤ ከላይ የሚመጣ ነገር ለእሱ ጭልፊት ነው።

እዚህ ላይ ትልቁን ስህተቴን ልናዘዝ። ሁለት ወር ሙሉ በወረንጦ አጎረስኩት። ደስ ይላል እኮ! አፉን ከፍቶ ይጠብቀኛል፣ ልጆቹ ይስቃሉ፣ እንግዳ ይጠራል። ግን ቀስ በቀስ ከድንጋዩ መነሳት ተወ። ሆዱ ተንዘረጠጠ፤ የቀሩት ሦስት እግሮቹ ቀጠኑ። አካል ጉዳተኛ እንስሳ ላይ ያለው ችግር ይሄ ነው፦ ስታዝኑለት የቀረውን ጉልበትም ትወስዱበታላችሁ።

ያስተካከልኩት በአንድ የመስታወት መተርኮሻ ነው። ጠርዙ ለስላሳ ስለሆነ እግር የሌላት ፌንጣ ወጥታ አትሄድም፤ ቁመቱ ደግሞ ሦስት ሳንቲ ሜትር ቢሆን ነው። ግድግዳው ጥግ፣ እሱ ግድግዳውን በቀኙ ይዞ ሊደርስበት በሚችልበት ቦታ አስቀመጥኩት። የመጀመሪያውን ሳምንት በወረንጦ መተርኮሻው አፍ ላይ ሰጠሁት። በሁለተኛው ሳምንት ዓይኑ እያየ ውስጥ ጣልኩለት። በሦስተኛው ወረንጦውን ደበቅሁት። አንድ ቀን ተኩል አኩርፎ ተቀመጠ፤ ልቤ ሊከዳኝ ነበር። ከዚያ ጠርዙ ላይ አገጩን አስደግፎ ቁልቁል አየ፣ ጭንቅላቱን ወደ ግራ አጣመመ፣ ላጥ አደረጋት።

ለትልቅ እንሽላሊት በሁለት ቀን አንዴ ከሦስት እስከ አምስት ፌንጣ ይበቃል። የሚያድግ ልጅ ከሆነ በየቀኑ። የመጨረሻው ምግብ አምፖሉ ከመጥፋቱ ቢያንስ ሦስት ሰዓት ቀደም ይበል። ያልተበላ ነፍሳት ሳጥኑ ውስጥ አይደር፤ የተራበ ፌንጣ የተኛ እንሽላሊት ይነክሳል፣ በተለይ ቁስል ካለው።

አልበላም ካለ አፉን በግድ አትክፈቱ፤ መንጋጋው ይሰበራል። መጀመሪያ ሙቀቱን ለኩ። ከአሥር ዘጠኙ ጊዜ ችግሩ እሱ ሆኖ ነው ያገኘሁት። ጤነኛ ትልቅ እንሽላሊት ጥቂት ቀን ባይበላ አይሞትም። ሳምንት ካለፈና ክብደቱ እየወረደ ከሆነ ግን ሐኪም ይየው።

ውሃ

የሃይላንድ ክዳን ለአሥር አለቃ በቂ ገንዳ ነው። ጥልቅ ሳህን አታስገቡ፤ ተገልብጦ መነሳት ያቅተዋል። ብዙ እንሽላሊቶች የቆመ ውሃ አያስተውሉም። ስለዚህ መርፌ በሌለው ሲሪንጅ አፍንጫው ጫፍ ላይ ጠብ አድርጉለት፤ ራሱ ይልሰዋል። ወደ ውስጥ አትግፉ። የመተንፈሻ ቧንቧው አፍ እዚያው ምላሱ ሥር ስለሆነ ውሃው ወደ ሳንባ ይገባል። ዓይኑ ከጎደጎደና ቆዳው ከተሸበሸበ ውሃ ጎድሎታል።

ቆዳና ጣት

ቆዳውን ሲቀይር ጤነኛው በድንጋይ እየታሸ ያወልቀዋል። የእኛው አይደርስበትም። የቀረ ቆዳ ጣት ላይ እንደ ክር ይጠብቅና ደም ያግዳል፤ ጣቱም ይደርቃል። ሦስት እግር ላለው እንስሳ አንድ ጣት ብዙ ነው። ለብ ያለ ውሃ፣ ከደረቱ የማያልፍ፣ አሥር ደቂቃ ንከሩት። ከዚያ በረጠበ ጥጥ ከሥር ወደ ጫፍ በቀስታ። የማይወጣውን አትጎትቱ፤ ነገ ድገሙት። ስታነሱት ከሆዱ ሥር በሙሉ መዳፍ እንጂ በጭራው አትያዙት። የብዙ እንሽላሊቶች ጭራ ከተያዘ ይቆረጣል። ቢበቅልም እንደ መጀመሪያው አይሆንም፤ ለጎደለው ደግሞ ጭራ ሚዛኑ ነው።

የኋላ እግሮቹ የማይንቀሳቀሱ ከሆነ ሥራው ይበዛል። ሆዱ እየተጎተተ ይቆስላል፤ ስለዚህ ወለሉ ለስላሳ ጨርቅ ይሁን፣ በየቀኑም ይቀየር። ሰገራም ሊያስቸግረው ይችላል፤ ለብ ያለው መታጠቢያ ይረዳል። መንጋጋው ካበጠ፣ እግሩ ከተንቀጠቀጠ ወይም ጀርባው ከጎበጠ የካልሲየም እጥረት ሊሆን ስለሚችል ቤት ውስጥ አትሞክሩት።

የእናንተ ጤና

እማማ መጀመሪያ "መርዝ አለው" ብለው ግቢው ውስጥ አልቆም ብለው ነበር። ግቢያችን የሚዞሩት እንሽላሊቶች መርዝ የላቸውም። ሳልሞኔላ የሚባለው ተቅማጥ የሚያመጣ ጀርም ግን ሊኖራቸው ይችላል። ከነኩት በኋላ እጅ በሳሙና። ዕቃው ወጥ ቤት ሲንክ ውስጥ አይታጠብም። ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት፣ ነፍሰ ጡሮችና አዛውንቶች ባይነኩት ይመረጣል። ስለዚህ እማማ የሚያጎርሱት በወረንጦ ነው፤ እሱም እኔ በሌለሁበት ብቻ።

እናንተ ከሌላችሁ

በሳምንት አንዴ በትንሿ የኤሌክትሪክ ሚዛን እመዝነዋለሁ፤ ግራሙን ደብተር ላይ እጽፋለሁ። 46 ግራም ነው። በአጭር ጊዜ ከአሥር አንዱ ቢቀንስ እደነግጣለሁ።

ከከተማ ስወጣ ለእማማ የምተውላቸው ወረቀት አራት መስመር ነው። አምፖሉ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ማታ 12 ሰዓት። ፌንጣው በግራ በኩል። መብራት ከሌለ ምግብ የለም። እምቢ ካለ አይለመን።

ባለፈው ከሐዋሳ ስመለስ ከሥር በእርሳቸው እጅ ጽሑፍ አንድ መስመር ተጨምሮበት አገኘሁ፦ "ማክሰኞ አራት በላ። አንዷ ከመተርኮሻው አምልጣ ነበር፣ ሮጦ ያዛት።"